ሁለት ቦርሳ፣ አንድ ጀርባ

ቺዙሩ አባቷን የዋሸችው በኅዳር ወር፣ በስልክ ነው። የተናገረችው «እሺ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ስለነበረች፣ ውሸት መሆኗን ለራሷም ለማመን ጊዜ ወሰደባት።

አባቷ ቶኩጂ በሰሜን ጃፓን የሂሮሳኪ ፖም ገበሬ ናቸው። ያን ቀን የመጨረሻውን ፍሬ ለቅመው፣ ሣጥኑን አስረክበው፣ ጀርባቸውን ለምድጃው ሰጥተው እንደተቀመጡ ድምፃቸው ያስታውቅ ነበር። መከር ሲያልቅ ብቻ የሚመጣ ድምፅ ነው፤ ዘና ያለ፣ ትንሽ ሳኬ፣ የሩዝ መጠጥ፣ የቀመሰ።

«የልጅ ልጄን የኮቶኔን ቦርሳ እኔ ነኝ የምገዛው» አሉ። «በኛ አገር የእናት ወገን ነው የሚገዛው። እናትሽ ብትኖር ይሄኔ ሱቅ ለሱቅ ትዞር ነበር። እንግዲህ የቀረሁት እኔ ነኝ።»

ቺዙሩ ቀና ብላ መደርደሪያው ላይ አየች። ቦርሳው እዚያው ተቀምጧል። ሕፃን አንደኛ ክፍል ሲገባ በጀርባው አዝሎ ስድስት ዓመት የሚመላለስበት፣ ያ ጠንካራው የቆዳ ቦርሳ። ፈዛዛ ሐምራዊ ነው፤ ጎኑ ላይ በብርማ ክር አበባ ተጠልፎበታል። የባሏ እናት እማማ ካዙዌ ናቸው በግንቦት ወር ኮቶኔን ይዘው ሄደው ያዘዙት። እነሱ በሚኖሩበት ዮኮሃማ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ልጁ ትምህርት ቤት ሊገባ ዓመት ሲቀረው ቦርሳው ይታዘዛል፣ የዘገየ ሰው የተራረፈውን ያነሳል።

«ተገዝቷል እኮ አባባ» ማለት ምን ይከብዳል? ከበዳት። «እሺ» አለች።

ባሏ ርዮሄይ ከወጥ ቤት ሆኖ ሰምቶ ነበር። «ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ደስ ብሏቸው ነበራ። ቆይ፣ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

«ገዝተው ቢመጡስ?»

«አባባ? ዛፎቹን ጥለው?» ብላ ሳቀች።

ለርዮሄይ ያልነገረችው ሌላ ነገር ነበር። እማማ ካዙዌ «ቦርሳውን ለኛ ተዉት» ሲሉ እፎይ ብላ ነበር። አባቷ በሠርጓ ቀን አዳራሹን እየዞሩ ለባሏ ዘመዶች ፖም ያደሉ ሰው ናቸው። የሰሜን አነጋገራቸውን እዚያ ያለው ሰው ግማሹን አይሰማውም፤ ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ እጅ የሚመጣ ቦርሳ ምን ሊመስል እንደሚችል እያሰበች ስትሰጋ ነበር የከረመችው። እናም «ቀስ ብዬ» ያለችው ነገር ታኅሣሥን አለፈ፣ ጥርን አለፈ።

በየካቲት አባቷ ደወሉ። «ነገ እመጣለሁ።»

የካቲት በረዶው ውስጥ ቆመው ዛፍ የሚገርዙበት ወር ነው። ቺዙሩ አባቷ በየካቲት ከእርሻቸው ሲወጡ አይታ አታውቅም። በማግስቱ ጠዋት ሐምራዊውን ቦርሳ ከመደርደሪያው አውርዳ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከብርድ ልብሶቹ ኋላ ሸጎጠችው። ቀና ስትል ኮቶኔ በሩ ላይ ቆማ ታያታለች።

«ለምን እዚያ ታስገቢዋለሽ?»

«አያትሽ ሲመጡ ቤቱ እንዳይጣበብ ነው።»

ኮቶኔ ጠባብ ያልሆነውን ቤት ዞር ብላ አየች።

ቶኩጂ በጨርቅ የተቋጠረ ትልቅ ሣጥን አቅፈው ገቡ። ርዮሄይ ሥራ ላይ ነበር። ሻይ ተቀዳላቸው፤ ሻዩን ሳይነኩ ቋጠሮውን ፈቱት። ከሣጥኑ የወጣው ቀይ ቦርሳ ነው። ቺዙሩ ወዲያው አወቀችው። የራሷ ነው፤ እሷ ራሷ ስድስት ዓመት በበረዶ የተመላለሰችበት።

«ሱቁን ሁሉ ዞርኩት» አሉ ቶኩጂ። «ሰማያዊ አለ፣ ቡናማ አለ፣ የሚያብለጨልጭ አለ። ግን ቅርጹን ሳየው ያው ነው። ያ ክዳን፣ ያ ጀርባ፣ ከታች ያቺ ማያያዣ። አባቴ የገዛልኝም ይሄው ነበር፣ ላንቺ የገዛሁትም ይሄው። ታዲያ ቤት ያለው ምን አደረገ? አልኩ። ከተማ ውስጥ ቆዳ የሚሰፋ አንድ ሽማግሌ አለ። ማንገቻውን በአዲስ ቀየረልኝ፣ ስፌቱን እንደገና ሰፋው። ቅባቱን ግን እኔ ነኝ የቀባሁት፣ ማታ ማታ።»

ቆዳው እንደ ታጠበ ፖም ያበራ ነበር። ቶኩጂ ቀስ አድርገው ወደ ልጅቷ ገፉት።

ኮቶኔ በጣቷ ነካ አደረገችው። «ቀይ ነው» አለች። ከዚያ ክፋት በሌለው ድምፅ ቀጠለች፤ «እኔ ግን አለኝ እኮ አያቴ። ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። አንተ ስለምትመጣ እማዬ ዛሬ ጠዋት ደበቀችው።»

ቺዙሩ ደሟ ሁሉ ወደ ፊቷ ሲወጣ ተሰማት። አባቷ ቢያዩዋት ይሻላት ነበር። አላዩዋትም።

«እስቲ አሳዪኝ» አሉ ኮቶኔን።

ልጅቷ ከብርድ ልብሶቹ ኋላ እየጎተተች አመጣችው። ቶኩጂ ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፍሬ እንደሚመረምር ሰው ዙሪያውን አገላብጠው አዩት። «ጎበዝ ነው የሠራው» አሉ። «ቀላል ነው። ትከሻ አይቆርጥም። ማን ገዛልሽ?»

«አያቴ ካዙዌ። በግንቦት።»

«በግንቦት» አሉ ቶኩጂ። ከግንቦት በኋላ የመጣውን ኅዳርን፣ የኅዳሩን ስልክ እያሰቡ እንደሆነ ቺዙሩ አወቀች።

«አባባ፣ ሁለቱንም ትይዛለች» አለች እየተጣደፈች። «አንድ ቀን ይሄን፣ አንድ ቀን ያን። ትልቅ ነገር አይደለም።»

ኮቶኔ ግን ልጅ ናትና ነገሩን በተግባር ልትፈትነው ተነሳች። ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ የሰጣትን የወረቀት ማቀፊያ አምጥታ ቀዩ ውስጥ ልትከት ሞከረች። ጫፉ ወጥቶ ቀረ። ደግማ ገፋችው። «አይገባም» አለች።

ቶኩጂ ትንሽ ሳቁ። «ወረቀቱም ከኛ ዘመን አድጓላ። ተይው ልጄ። ልጅ ያላት ጀርባ አንድ ነው፤ ሁለት ቦርሳ ምን ያደርጋል?» ከዚያ ቀዝቅዞ የቆየውን ሻይ በአንድ ትንፋሽ ጠጡት።

ሁለት ሌሊት ሊያድሩ ነበር የመጡት። ከምሳ በኋላ ግን «ዛፎቹ ይጠብቁኛል» ብለው ኮታቸውን አነሱ። ቺዙሩ እስከ ቶኪዮ ልሸኝ አለች፤ እንቢ አላሉም። ኮቶኔን ጎረቤት አስቀመጠቻት። ሣጥኑ ለመያዝ አይመችም ብለው እዚያው ትተውት፣ ቀዩን ቦርሳ ብቻ አንጠልጥለው ወጡ።

ባቡሩ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቦርሳው አባቷ ጭን ላይ ነው። ሽበታም ሰው የሕፃን ቀይ ቦርሳ አቅፎ ሲሄድ ማን ዝም ብሎ ያልፋል? ፊት ለፊት የተቀመጡ አንዲት አረጋዊት ሴት እነሱ ከገቡ ጀምሮ እያዩት ነበር።

«የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው?» አሉ ሴትዮዋ። «እንኳን ደስ ያላችሁ።»

ቺዙሩ ጎንበስ ብላ አመሰገነች። ሌላ ምን ማድረግ ትችላለች?

«የኔም ልክ እንዲህ ነበር» አሉ ሴትዮዋ። «የወንድሜ ጥቁር፣ የኔ ቀይ። በረዶ ሲሆን ላዩ ላይ ቁጭ ብለን ነበር ቁልቁለቱን የምንንሸራተተው። ስንት ዓመት ሆነው! ይኸው ስንቱ ነገር ሲቀያየር እሱ አልተቀየረም። ጠዋት ጠዋት በመስኮት አያቸዋለሁ ሕፃናቱን፤ ከኋላ ሲታዩ ቦርሳ እግር አውጥቶ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ልንካው?»

ቶኩጂ ቦርሳውን አቀረቡላቸው። ሴትዮዋ መዳፋቸውን ክዳኑ ላይ አሳርፈው ቆዩ፤ የሕፃን ግንባር የሚዳስሱ ይመስል ነበር። አጠገባቸው የቆመ ጎልማሳ ሠራተኛም ስልኩን ትቶ ፈገግ ብሎ ያያል። ቶኩጂ በሰሜን አነጋገራቸው አንድ ነገር አሉ።

ሴትዮዋ ወደ ቺዙሩ ዞሩ። «ምን አሉ?»

አባቷ ወደ መስኮቱ እያዩ ነው።

«የልጅ ልጄ ቀዩን ስታየው ወደደችው፣ ሌላ አልፈልግም አለች… ነው ያሉት።»

«እሰይ» አሉ ሴትዮዋ።

አባቷ በሕይወታቸው አጥርተው መዋሸት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። ያቺን ውሸት የተናገሩት ለሷ ሲሉ ነው፣ ሰው ፊት እንዳታፍር። እሷ ደግሞ በገዛ አፏ፣ ቃል ሳታጎድል ተረጎመችላቸው። እስከ ቶኪዮ ድረስ ቀና አላለችም።

ወደ ሰሜን የሚሄደው ፈጣኑ ባቡር እስኪመጣ ቆመው ሲጠብቁ ዝም ማለት አልቻለችም። «አባባ፣ በኅዳር ሲደውሉ ቦርሳው ፊት ለፊቴ ነበር።»

«ልጅቷ ነግራኝ የለ?»

«ሌላም አለ። እማማ ካዙዌ ሲገዙት ደስ ብሎኝ ነበር። እርስዎ የሚያመጡት ነገር… ሰው ፊት…»

ቶኩጂ በእጃቸው ያለውን ቦርሳ ወደ ላይ ከፍ አድርገው አዩት። ሊያሳፍሯት ፈልገው አልነበረም፤ ሰው የማያውቀውን ነገር እንደሚጠይቅ ጠየቋት።

«ይሄ ያሳፍራል?»

«አያሳፍርም አባባ። እኔ ነኝ…»

«ብትነግሪኝ የበረዶ ጫማ እገዛላት ነበር» አሉ ቶኩጂ። «ስለ በረዶ ጫማ ዮኮሃማ ምን ያውቃል?» ቀልድ ነበር፤ ፊታቸው ግን አልሳቀም። «ልጅቷን እንዳትቆጪያት። እውነቱን ነው የተናገረችው።»

ባቡሩ መጣ። ቶኩጂ ገቡና ቺዙሩ ካለችበት በተቃራኒው መስኮት በኩል ተቀመጡ። ባቡሩ እስኪሄድ ድረስ ጀርባቸውን እያየች ቆመች።

በሚያዝያ ኮቶኔ ሐምራዊውን አዝላ ትምህርት ቤት ገባች። ቺዙሩ ፎቶውን ላከች። «ጥሩ ነው» የሚል መልስ መጣ። ከዚያ በኋላ ስትደውልላቸው «ፖሙ ደህና ነው» ይላሉ፣ «አየሩ ደህና ነው» ይላሉ፤ ስልኩ ይዘጋል። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቅርታ የምትልበት በር ይከፈት ነበር።

በጥቅምት፣ በመከር ወቅት፣ ሳትጠራ ኮቶኔን ይዛ ሄደች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው የደረሱት። ቶኩጂ መሰላል ላይ ናቸው፤ አራት አምስት የቀን ሠራተኞች፣ የአካባቢው ሴቶች፣ ከሥር ይለቅማሉ። «መጣችሁ?» አሉ ከላይ፤ መልቀማቸውን አላቆሙም።

ወዲያው አንዲት ትንሽ ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሳ በአጥሩ በኩል ገባች። በእጇ ትልልቁን ደብተር የያዘ የጨርቅ ከረጢት አንጠልጥላለች፤ በጀርባዋ ቀዩ ቦርሳ አለ። ማዶካ ትባላለች። እናቷ ከለቃሚዎቹ አንዷ ናት፤ ከጥቂት ወራት በፊት ከባሏ ተለይታ፣ ልጇን ብቻ ይዛ ከሴንዳይ ከተማ ወደ ወላጆቿ ቤት የገባች። ቦርሳውን ለልጅቷ የሰጧት ቶኩጂ ናቸው።

ኮቶኔ ደንግጣ ቆመች። «ያ የኔ ነው» አለች ጮክ ብላ። «አያቴ ለኔ ነው ያመጣው።»

ማዶካ ባለችበት ቀረች። ከዚያ አንዱን ማንገቻ ከትከሻዋ ታወርድ ጀመር። እናቷ ቅርጫቷን አስቀምጣ ቀና አለች፤ ፊቷ ገረጣ። ሌሎቹም መልቀማቸውን አቆሙ።

«ማዶካ፣ አታውርጂው» አለች ቺዙሩ። ልጇ ፊት ተንበረከከች። «ኮቶኔ፣ ላንቺ መጥቶ ነበር። በእናትሽ ጥፋት ነው የተመለሰው። አያትሽን ዋሸኋቸው፣ ከዚያ ያንቺን ቦርሳ ደበቅኩ፣ አንቺም አየሽኝ። አሁን የማዶካ ነው። አንቺ የራስሽ አለሽ።»

«ውሸት አይባልም ብለሽኝ ነበር» አለች ኮቶኔ።

«ብዬሽ ነበር።»

ይህን ሁሉ ሴቶቹ ሰሙት፣ የማዶካ እናት ሰማችው፣ መሰላሉ ላይ ያለው ሰው ሰማው። የቺዙሩ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ከለቃሚዎቹ አንዷ፣ ጥርሷ የረገፈ አሮጊት፣ «አይ ልጄ» አለቻት በዚያው በሰሜን አነጋገር። «አባቱን ያልዋሸ ማን አለ? ባይሆን አንቺ እጅሽ ባዶ ነው። ነይ ቅርጫት ያዢ።» ሴቶቹ ሳቁ። የማዶካ እናት አልሳቀችም፤ ግን ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻት፣ ቺዙሩም ከሷ በላይ ጎንበስ አለች።

ማዶካ ማንገቻዋን አስተካከለች። ኮቶኔ አጠገቧ ሄዳ ቦርሳውን በቅርብ አየችው፤ «የኔ እኮ ሐምራዊ ነው» ብላ ነገረቻት። «የጓደኛዬም ሐምራዊ ነው» አለች ማዶካ። ለጊዜው በዚህ ተለያዩ።

ቺዙሩ ቅርጫት አንስታ ከመሰላሉ ሥር ቆመች። ቀና ብላ ለማየት ድፍረት አጣች። አንድ ፖም በአባቷ እጅ ወደሷ ወረደ።

«ዘንጉን ይዘሽ አስቀምጪው» አሉ ቶኩጂ። «ከወረወርሽው ይጎዳል።»

«እሺ አባባ» አለችና በሁለት እጇ ተቀበለችው። ሌላ ወረደ። እስኪመሽ ድረስ ከዚህ የተረፈ ቃል አልተለዋወጡም፤ እሷም የጋለ ፊቷን ሳታነሳ ተቀበለች፣ አስቀመጠች።