በሎሚ የታሹት ሳንቲሞች

«ዘቢዬ፣ እያቸው እስቲ! አዲስ አልሆኑም?»

ጎረቤቷ ወለተ ኪዳን ሳህኑን አፍንጫዋ ሥር አቀረበችላት። አሥራ ሁለቱ የነሐስ ሳንቲሞች ዛሬ የተሠሩ ይመስል ያብረቀርቃሉ። ሳህኑ ሎሚ ሎሚ ይሸታል።

ዘቢደር ፍራሹ ላይ ተቀመጠች።

«በምን አጠብሻቸው?»

«በሎሚና በአመድ ነዋ! ትናንት እናንተ ቀብር ስትሄዱ ቤቱን ስናጸዳ አገኘናቸው። አረንጓዴ ሻጋታ ውጧቸው! ለቀስተኛው ጋሼ እንዳላማውን ምን ይለዋል ብዬ ነው።»

ሳንቲሞቹ የዘቢደር ሟች ባል የእንዳላማው አልነበሩም። ከደብረ ወርቅ ማዶ ያለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን መሠረቷ ሲቆፈር የተገኙ ናቸው፤ መሪጌታ ፍሥሐ ናቸው በጨርቅ ቋጥረው ያመጡለት። ነገ ደግሞ ሣልስት ነው፤ መሪጌታ ይመጣሉ። «የኔን አስቀርቶ ሌላ ተካልኝ» ቢሉስ? የቤተ ክርስቲያን ዕቃ የለወጠ ተብሎ የባሏ ስም ደብረ ማርቆስን ሲዞር፣ ልጆቿ ትምህርት ቤት ሲጠቋቆሙባቸው ታያት።

እንዳላማው ሰዓት ጠጋኝ ነበር። ማታ ማታ ግን አሮጌ ሳንቲም ያክማል። በተጣራ ውሃ ለሳምንታት ይዘፈዝፋል፤ ውሃውን ይለውጣል፤ ከዚያ አረንጓዴውን ዱቄት በመርፌ ጫፍ ይለቅማል። ከሥሩ ያለውን ቡናማ ግን አይነካም። «ዱቄቱ በሽታ ነው፤ ቡናማው ቆዳው ነው። በሽተኛ ይታከማል እንጂ ይገፈፋል?» ይላል።

«ለኔም እንዲህ በታገሥክ!» ትለው ነበር።

በተጋቡ ሰሞን ራሱ አንዱን ከልክ በላይ ፍቆ አበላሽቶ ነበር። ያን ጊዜ እንቁላል ቀቅሎ፣ በትኩሱ ሰንጥቆ፣ ሳያነካካ ከሳንቲሙ ጋር አፈ ሰፊ ብልቃጥ ውስጥ ዘጋበት። ሽታው ሳንቲሙን አጠቆረው። እሷም በግማቱ ስትራገም ዋለች።

ዛሬ ግን ፍልሰታ ነው። በጾም፣ ያውም በሐዘን ቤት፣ እንቁላል!

ከዶሮዋ ጎጆ ሁለት አንሥታ በሻይ ማፍያ ቀቀለች። ሰንጥቃ ከሳንቲሞቹ ጋር ብልቃጡ ውስጥ ዘጋችና በብርድ ልብስ ጠቀለለችው። ከለቅሶው ድንኳን ሹክሹክታ መጣ።

«እንቁላል አይሸታችሁም?»

«በፍልሰታ? ምን ነካሽ!»

«ሐዘን እኮ ያዞራል፣ እናቴ።»

በማግስቱ ብልቃጡን ከፈተችው። ሳንቲሞቹ ጠቁረዋል፤ ግን ዝንጉርጉር ሆነዋል። አንዳንዱ ላይ የአውራ ጣት አሻራ ነጥቶ ቀርቷል።

መሪጌታ ረፋድ ላይ ጥላቸው ዝናብ እያንጠባጠበ ወደ ድንኳኑ ገቡ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለው ተቀመጡ። ስለ ሳንቲሞቹ አላነሡም። ዘቢደር ቋጠሮውን ይዛ ቆመች። ዓይናቸው ደክሟል፤ ዝም ብትል ላያውቁ ይችላሉ።

«ምን ዓይነት ሰው ነበር መሰለሽ» አሉ መሪጌታ። «ድሮ አንድ ሳንቲሜን አበላሽቶ አጠቆረው። እኔ የት አውቄ! አስታራቂ ሳይልክ፣ ማንም ሳይነግረኝ፣ እቤቴ ድረስ መጥቶ "አጥፍቻለሁ" አለኝ። ለዚያ ነው እነዚህንም ለሱ ያመጣሁት።»

ይህን ለሷ አልነገራትም ነበር። ቋጠሮው እጇ ላይ ከበዳት።

«መሪጌታ... ተፍቀዋል» አለች፤ ድምፅዋ ከፈለገችው በላይ ጮኸ። «ቤቱ ሲጸዳ በሎሚ ታሹ። እንቁላሉንም የቀቀልኩት ለማጥቆር ነው። የርስዎ ናቸው፤ አልተለወጡም። ቢጠረጥሩኝም አይፈረድብዎትም፤ ይመኑኝ አልልም።»

ወለተ ኪዳን አፏን በነጠላዋ ያዘች።

መሪጌታ አንዱን አንሥተው ወደ ብርሃን አዞሩት።

«እዚህች ጥግ ላይ አረንጓዴ አለ» አሉ በመጨረሻ።

«በሽታው ነው። ሎሚ አያወጣውም።»

«እንግዲያ ማን ያወጣዋል?»

ዘቢደር ዘቅዝቃ በለበሰችው ነጠላ ጫፍ ጣቶቿን ደጋግማ ጠረገች። ከዚያ ሳንቲሙን ከእጃቸው ተቀበለች፤ እንዳላማው ያደርግ እንደነበረው፣ ፊቱን ሳትነካ፣ ጠርዙን ብቻ ይዛ።