አሥራ አንድ ሰዓት

የትኬት ቢሮው ባልደረቦቿ «ኪሎሜትር» ይሏታል። ከየትኛውም አየር ማረፊያ ወደየትኛውም ቢሆን፣ ርቀቱንና በረራው የሚፈጀውን ጊዜ ከኮምፒውተሩ ቀድማ ትናገራለችና። በቀረው ነገር ሁሉ ቃል ከአፏ በጉጠት ነው የሚወጣው።

ያን ዕለት ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ «የፈቃድሽ ነገር አልሆነም፤ ወቅቱ የሥራ ነው» አላት።

«እሺ» አለች። ሁልጊዜም እሺ ነው። አገር ቤት ያለችውን እናቷን ካየች አምስት ዓመት አልፏታል።

የመጀመሪያው ደንበኛ ወደ ሌላ አገር የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ።

«አሥራ ሦስት ሰዓት ሙሉ? ምነው ልጄ፣ አቋራጭ የለውም እንዴ?»

«አቋራጩ ይኸው ራሱ ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያ ሹፌሩን በርታ በይልኝ።»

ፈገግ እንዳለች ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናት፤ እዚያ አገር ቀኑ ወደ መምሸቱ ነው።

«የት ቀረሽ?» አለች እናቷ። «ሰው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ወጥቶ አለቀ። መቼም አንቺ ከልጅነትሽም የመጨረሻ ካልወጣሽ አይሆንልሽም።»

ከእናቷ ድምፅ ኋላ የአየር ማረፊያ ድምፅ ማጉያ ይሰማል።

ትናንት የተባባሉት መጣላት። መስመሩ እየተቆራረጠ፣ እናቷ «ፈቃድሽስ?» ስትላት «ነገ ይነግሩኛል» ብላ ነበር። ለእናቷ የደረሰው «ነገ» ብቻ ኖሯል። ቀጥላ «ስንት ሰዓት ነው?» ስትላት ደግሞ መንገዱ ስንት እንደሚፈጅ የጠየቀቻት መስሏት፣ ለደንበኛ እንደምትመልሰው፣ «አሥራ አንድ ሰዓት» አለቻት። ያኔ የሰማችውን እልልታ የመስመሩ ጩኸት ነው ብላ ነበር።

በረራው ተሰረዘ ብትላትስ? ማን ያውቅባታል? እናቷ አየር መንገዱን ረግማ ትገባለች። ግን ነገም ትመጣለች፤ ከነገ ወዲያም።

«እማዬ፣ አልተነሣሁም» አለች። «አሥራ አንድ ሰዓት ያልኩሽ መንገዱን ነው። ይፈጃል ማለቴ ነበር። ፈቃዱንም ዛሬ ከለከሉኝ።»

ድምፅ ማጉያው ሌላ በረራ እንደሚገባ ተናገረ።

«ኧረ እኔው ነኝ የደነቆርኩት» አለች እናቷ፣ ሳቅ ለመጨመር እየሞከረች። «ይበርዳታል ብዬ ጃኬት ይዤልሽ፤ ጎረቤቱንም ልጄ ገባች ብዬ ጉድ አፍልቼ!»

«በይ ታክሲ ያዢ፣ ሳይመሽብሽ።»

«ትንሽ ልቀመጥ እስቲ። ሌላ አውሮፕላን ይገባል አሉ። የሰው ልጅ ሲመጣም ማየት ደስ ይላል። ቤቱማ የት ይሄዳል?»

ኪሎሜትር ቀና አለች። ሽማግሌው ገብቷቸው ኖሮ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል።

«እንግዲያው ስልኩን አትዝጊው» አለች እናቷን። «የሚወጡትን ንገሪኝ።»

«እሺ። አንዷ ወጣች፣ ልጆቿ ተጠመጠሙባት። ይሄ ወጣት ደግሞ... ውይ፣ እንደ ሐውልት ተገትሮ ቀረ። የሚቀበለው የለም መሰለኝ።» የእናቷ ድምፅ ከስልኩ ራቅ አለ። «የኔ ልጅ! ሰው አጥተህ ነው?»

ወጣቱ የመለሰው አልተሰማም። ኪሎሜትር ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች፤ እናቷ ወደ እሷ እስክትመለስ ጠበቀች።