ትንፋሹ የተቆረጠ ድምፅ

አርዲስ ቶርሰን ሰው ጤፉ ነበረች። ቄሱን ስብከቱን ከጋዜጣ የሚለቅም ትለዋለች፤ ዓርብ ዓርብ የሠፈሩ ሰው ተሰብስቦ የዓሣ ጥብስ ሲበላ፣ እሷ አጥንቱን እየለቀመች የጠበሰውን ሰው ታማለች። ከሁሉ አብልጣ የምትንቀው ግን ፕሮፌሰር ኪትሪጅን ነበር።

ታናሽ እህቷ ቬርና በሐይቁ ዳር ባለው ዩኒቨርሲቲ፣ በዚህ ሰው ቤተ ሙከራ ድምፅዋን ስትሰጥ ነው የኖረችው። ሥራዋ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ማንበብ ነበር። ሕፃናት ማንም ሳያስተምራቸው የትኛው ድምፅ ከየትኛው ጋር አብሮ እንደሚሄድ በመስማት ብቻ ቃል ለይተው ያወጣሉ ብሎ ሰውየው በየአገሩ ሲጨበጨብለት፣ ሕፃናቱ የሚሰሙት የቬርናን ድምፅ ነበር። ባለፈው የበረዶ ወራት ሳንባዋ ታሞ ሞተች። እሱም ለቀብሯ አበባ ልኮ ራሱ ቀረ።

ቬርና ከሥራዋ ውጭ ድምፅዋ ሲቀዳ አትወድም ነበር። ስልኳ ላይ የነበረችው መልእክት መስመሩ ሲዘጋ ጠፋች። በልጇ በሎሬል ሠርግ ፊልም ላይ አፏ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ ድምፅዋን የሠርጉ ጩኸት ውጦታል። የቀረው እዚያ ቤተ ሙከራ ያለው ብቻ ነበር። አርዲስ ደውላ ጠየቀች። ፕሮፌሰሩ ከቅጂው ምንም ወደ ውጭ እንደማይወጣ፣ የከተማው ሕፃናት በየቤታቸው ከሰሙት ምርምሩ እንደሚበላሽ በትሕትና ነገራት። የማንን ድምፅ እንደፈለገችም፣ እሷ ማን እንደሆነችም አልጠየቀም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ትሕትናውን ራሱ ናቀችው።

የሎሬል ልጅ ጁን ስምንት ወር ሲሞላት ቤተ ሙከራው እንደ ልማዱ ለእናቲቱ ጥሪ ላከ። አርዲስ ሕፃኗን እኔ እወስዳታለሁ አለች።

«አክስቴ፣ እባክሽ እዚያ ሄደሽ ሰው እንዳትሳደቢ» አለች ሎሬል የልጇን ኮፍያ እያሰረች።

«ሰው ካገኘሁ አልሳደብም።»

ቤተ ሙከራው መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ነበረች። ረዳቷ፣ ፀጉሯን ሰማያዊ የቀባች ወጣት፣ አርዲስን ወንበር ላይ አስቀምጣ ጁንን ጭኗ ላይ ሰጠቻት። በግራና በቀኝ መብራት ብልጭ ይላል፤ ድምፅ ይሰማል፤ ሕፃኗ ወደ ድምፁ ምን ያህል እንደምታይ በካሜራ ይታያል። ይህን ሁሉ ካስረዳቻት በኋላ ሁለት ወፋፍራም ማዳመጫዎች አምጥታ የአርዲስን ጆሮ ደፈነችባቸው። ውስጣቸው የአኮርዲዮን ዘፈን ይጮኻል።

አርዲስ ያሰበችው ይህን አልነበረም። እህቷ በአንድ ክንድ ርቀት እየተናገረች እሷ አኮርዲዮን ልትሰማ ነው። መብራቱ ብልጭ ሲል ጁን ዘወር ብላ ጸጥ አለች። የሚሰማ ነገር አለ ማለት ነው። አርዲስ አንደኛውን ማዳመጫ በትከሻዋ ገፋ አደረገችው።

«ኬባሙዶሊጋሩፔቶኬባሙሩፔቶዶሊጋኬባሙ…»

ቬርና አልነበረችም። ከተበላሸ ቧንቧ እንደሚንጠባጠብ ውኃ ነበር፤ ዜማ የለው፣ ማረፊያ የለው። አርዲስ ተናደደች። ቆይቶ ግን ሳታስበው ጆሮዋ መልቀም ጀመረ። ከ«ሩ» በኋላ «ፔ» ይመጣል፤ ከ«ፔ» በኋላ «ቶ»። ከ«ቶ» በኋላ የሚመጣው ግን አይታወቅም፤ አንዴ ይህ፣ አንዴ ያ። ሩፔቶ። ስትጠብቀው መጣ፤ ደግሞ ጠበቀችው። ጁንም ትንፋሿን ውጣ እንደ እሷ የምትጠብቅ መሰለች።

ድምፁ ድንገት ጠፋ። በሩ ተከፍቶ ፕሮፌሰር ኪትሪጅ ገባ፤ ረጅም፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተጣፈ ሰው።

«ወይዘሮ፣ ማዳመጫውን አንስተዋል።»

«አንስቼዋለሁ። ደግሞ ዘፈን ትሉታላችሁ፤ የበሬ እምቧታ።»

ልጅ ያቀፈ ሰው ድምፁን ከሰማ ጉልበቱም ትንፋሹም እንደሚለወጥ፣ ሕፃኑ ከድምፁ ሳይሆን ከታቀፈው ሰው እንደሚማር አስረዳት። ስለዚህ የጁን ውጤት ይጣላል።

«ጣለው» አለችው። ፕሮፌሰሩን አንተ የሚል ሰው ሰምታ የማታውቀው ረዳቷ አቀረቀረች። «ይልቅ እህቴን ምን አደረግሃት? ቬርና እንዲህ አትናገርም።»

ሰውየው ያን ጊዜ ገባው። እንደ ወጉ አዘነላት፤ ከዚያም እንደ ልማዱ አስተማራት። ሰው ሲናገር በቃልና በቃል መካከል ያርፋል፣ ይተነፍሳል፤ ዕረፍቱ ቃሉ የት እንዳለቀ ያጋልጣል። ስለዚህ የቬርናን ድምፅ በመሣሪያ አስተካክለው ትንፋሿን ሁሉ ቆርጠው አውጥተውታል።

«ቆርጣችሁ የት አደረጋችሁት?»

«ትንፋሹን? ትንፋሽ እኮ ነው፣ ወይዘሮ። ተጣለ።»

አርዲስ ጁንን ደረቷ ላይ አጥብቃ የኮፍያዋን ማሰሪያ ማሰር ጀመረች።

እሱ ነገሩ ሐዘን መሰለው። በከንቱ እንዳትመለስ ብሎ ይሁን፣ በበረዶው ምክንያት ለሙከራ የሚመጡ አዛውንት ጠፍተውበት ይሁን፣ ለአዋቂዎች በሚደረገው ሙከራ ትቀመጥ እንደሆነ ጠየቃት። በዚያኛው ድምፁን የሚሰማው አዋቂው ራሱ ነው። ሕፃኗን ረዳቷ ተቀበለቻት።

ያንኑ የማያርፍ የድምፅ ጎርፍ ሰማች። ከዚያ ፈተናው መጣ። ሁለት ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ አብሮ የሚሄደው ቃል፣ ሌላው ከአንዱ ቃል ጭራና ከሌላው ቃል ራስ የተቀጠለ። ቃሉን መርጦ ቁልፍ መጫን ነው። የፈተናው ቃላት ግን ለየብቻቸው የተቀዱ ነበሩ፤ የሚደበቅ ዕረፍት ስለሌለ መቁረጫው አልነካቸውም።

«ሩፔቶ» አለች ቬርና። ከዚያም ተነፈሰች።

ያ የእሷ ነበር፤ ደረጃ ወጥታ ስትጨርስ በአፍንጫዋ የምታወጣው፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ የሚያፏጭ። አርዲስ ጣቷ ቁልፉ ላይ ቀረ።

«መልሱን ባገኝ ምን ይሆናል?» አለች።

«ያልፉና ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ። ካላለፉ ከመጀመሪያው ደግመን እናሰማዎታለን።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪያልፉ ድረስ።»

አርዲስ በሕይወቷ አላዋቂ ከመባል የባሰ የምትጠላው ነገር አልነበረም። ትምህርት ቤት እያለች መምህሯን በስሌት አርማ ተገርፋለች፤ ባሏ ሞቶ እንኳ ሐኪሙ የሰጠውን ምክንያት ተከራክራለች። መልሱን ደግሞ አሳምራ ታውቀዋለች። የተሳሳተውን ተጫነች። የሚቀጥለውንም። ሁሉንም።

ደግሞ አሰሟት፤ ቬርና ደግማ ተነፈሰች፤ እሷም ደግማ ወደቀች። ደግሞም።

ፕሮፌሰሩ ጎንበስ ብሎ፣ ለደንቆሮ እንደሚነገር ቃሉን እየጎተተ፣ «አይዘኑ። በዚህ ዕድሜ አእምሮ አዲስ ነገር አይዝም። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» አላት። ለዓመታት ሲያስተምር የኖረውን ስለደገፈችለት ፊቱ ላይ ደስታ ነበር። በሩን ገርበብ አድርጎ ሲወጣም ለረዳቷ፣ «ስምንት ወር ያልሞላው የሚያገኘውን! እህቷ እንዴት ፈጣን ነበረች፤ ይህቺ ግን ግንድ ናት» ሲል ሰማችው።

ምላሷ ጫፍ ላይ መልስ ነበራት፤ ሰውየውን ከነሹራቡ የሚያነድ። ዋጠችው።

«ጌታዬ» አለች፤ ማንንም ብላ የማታውቀውን። «አልገባኝም። አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ።»

እሱም ንቀቱን በትዕግሥት ሸፍኖ ተመለሰና ቁልፉን ተጫነላት።