ለአቅመ አዳም የቀረበው ኮከብ

አቧራው ከልደት የተረፈ ነው ወይስ ገና አሁን የተፈጨ? የከዋክብት ተመራማሪዋ ይህን መመለስ ካቃታት ሰንብቷል።

ኮከቡ ለአቅመ አዳም ሊደርስ ጥቂት የቀረው፣ ብርሃኑ ብርቱ የሆነ ወጣት ነው። ዙሪያውን እንደ ትሪ የተዘረጋ አቧራ ከቦታል። ባሕር ማዶ ያስተማሯት ፕሮፌሰር "ሲወለድ የተረፈ ነው" ብለው በሁለቱም ስም የሚወጣውን ጽሑፍ ጨርሰዋል፤ የቀራቸው የእሷ እሺታ ብቻ ነው። እሺ ካለች እሳቸው ዘንድ የተከፈተው የሥራ ቦታ የእሷ ነው። ወደ አገሯ ከተመለሰች ወዲህ ልቧ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ለሚልባት ሴት ይህ ቀላል ፈተና አልነበረም።

"አንቺ ዶክተሪት፣ ዛሬም ከኮምፒውተሩ ጋር ተፋጠሻል?" አናጢው ታላቅ ወንድሟ ሰጋቱራውን ከልብሱ ላይ እያራገፈ ሳሎን ገባ።

"ጋሼ፣ እባክህ በር ላይ አራግፍ!"

"አቧራ ልታጠኚ ባሕር ተሻግረሽ የእኔን ትጠየፊያለሽ? ለመሆኑ ያ ልጅ፣ ኮከብሽ፣ እንዴት ሆነ?"

"ለአቅመ አዳም እየደረሰ ነው።"

"ታዲያ ምን ይጠብቃል? መጥቶ ይጠይቅሽ!"

"ቤቱን ገና አላጸዳም።"

"የእኛው ቢጤ ነዋ!" እየሳቀ ወደ ጓዳ አለፈ።

እሷም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከልደት የተረፈ አቧራ አብሮት የተረፈ ጋዝ አለው። እዚህ ጋዝ አልታየም። ፕሮፌሰሩ "ኮከቡን ያየንበት መሣሪያ አቅም አንሶት ነው" ይላሉ። በዚያው መሣሪያ የታየውን ሌላ ኮከብ ከፍታ አየችው፤ እጅግ የሳሳ ጋዝ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። መሣሪያው ደህና ነው ማለት ነው። ጋዙ ከሌለ ደግሞ እንዲህ ያለውን ደቃቅ አቧራ ብርሃኑ ድሮ ገፍቶ ይጠርገው ነበር። እስካሁን ካለ፣ እዚያ እየተጋጩ የሚፈጩ አለቶች አሉ። ደረቷ ሰፋ አላት።

"ጋሼ፣ ጉዞው ቀርቷል!"

"የምን ጉዞ?" አለ ከጓዳ።

ለካ አልነገረችውም።

ለፕሮፌሰሩ ጻፈች፦ "አቧራው አሁን የተፈጨ ነው፤ ማስረጃውን አያይዣለሁ። ጽሑፉ እንዳለ የሚወጣ ከሆነ ስሜን ያውጡልኝ። አክባሪዎ።" ላከችው።

መልስ አልመጣም፤ በዚያ ሳምንትም፣ ከዚያም ወዲህ።