ቨርሊን ጎሹን የነዳ ቀን

አርሊስ ነገሩን ገና ከቤት ሳይወጡ ነግራዋለች። «ዛሬን እንደ ሰው አብረን ከዋልን ደግ። ካልሆነ እኔ እህቴ ጋ፣ ኮሪን ቤት እገባለሁ፤ አልመለስም።» ቨርሊን ሳቀ። ልጆች አሳድገው እስኪሸኙ ድረስ ሚስቱ የምትለውን ሁሉ በሳቅ ሲያልፍ የኖረ ሰው ነው።

ሊውሉበት ያሰቡት የዱር እንስሳት ፓርክ ከእርሻቸው ብዙም አይርቅም። ግን በበጋ ድርቆሽ አለ፣ ከዚያ ስንዴው ይደርሳል፣ ከዚያ ጥጆቹ አሉ፤ ለቨርሊን ሰበብ መቼ ጠፍቶት! አሁንም የመጣው አፍንጫውን ተይዞ ነው።

አገሩም ለእንግዳ ፊት የሚሰጥ አይደለም። ግራጫው ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ገደሉ ድንገት ከእግር ሥር ይከፈታል፣ ነፋሱ እንደ ምድጃ ይጋረፋል። አርሊስ ግን ወደደችው። ቢያንስ ይሄ የሚታረስ አይደለም ብላ።

ከገደሉ ማዶ ሣር የለበሰ ሜዳ ሲገጥማቸው «ይሄን ሁሉ ሣር ማንም ሳይግጠው!» አለ ቨርሊን። «መንግሥት አብዷል።»

«ስለ ከብት አናወራም ተባብለናል።»

«እኔ ያወራሁት ስለ ሣር ነው።»

ምሳ ላይ ሜዳው ላይ ጨርቅ አነጠፈች። እሱ ዝንቡ አስመረረኝ ብሎ ሳንድዊቹን ይዞ መኪናው ውስጥ ገባ። ብቻዋን በላች።

ከሰዓት በኋላ አንድ ወይፈን ጎሽ መንገዱ መሀል ቆሞ አገኙት። ቨርሊን ክላክስ ነፋ። ጎሹ ዞር ብሎም አላየው።

«ተወው፣ ሲፈልግ ይሄዳል» አለች አርሊስ። «መግቢያው ላይ ከመኪና አትውረዱ ብለውን የለ?»

«እሱ ለከተሜ ነው። እኔን ከብት መንዳት ልታስተምሪኝ ነው?»

ወረደ። ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑን እየመታበት «ሃይ! ሃይ! ዞር በል!» እያለ ሄደበት። እርሻው ግቢ ውስጥ ያለ ኮርማ ሁሉ ለዚህ ድምፅ ዞር ይላል። ጎሹ ግን ጅራቱን ቀጥ አድርጎ አቆመ። የቤት ከብት ጅራቱን እንዲህ ሲያነሳ ፋንድያ ሊጥል ነው፤ ቨርሊንም እንደዚያ መሰለውና «ጨርስና ሂድ እሺ!» ብሎ ቀለደ።

ጎሹ ተወረወረ።

አርሊስ መሪው ጋ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። መኪናውን በሁለቱ መሀል ሰነቀረችው። በወዲያ በኩል ያለው በር ጎሹ ሲገጨው ጓ አለ፤ በወዲህ በኩል ቨርሊን ተንጠልጥሎ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ወደቀ። ጎሹ ከዓይን እስኪጠፋ ነዳችና ቆመች። ከእሱ በፊት ልትሞትለት እንደነበር የገባት ያኔ ነው፤ ያናደዳትም ይኸው ነው። ለካ አሁንም ትወደዋለች!

አንድ ቃል ጠበቀች። አንድ ቃል ብቻ።

ቨርሊን ወረደ፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ዞሮ በሩን አየ፣ ዳሰሰው።

«አየሽ ምን እንዳደረግሽው? ትንሽ ወደ ግራ ብትይ ኖሮ እኮ አይነካውም ነበር።»

«ግባ» አለችው።

እስከ ፓርኩ መግቢያ ድረስ ያወራው ስለ በሩ ነበር። እዚያ ስትደርስ ሞተሩን አጠፋች፤ ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችውን ጠባቂ ሴት «ስልክ ላስቸግርሽ? እህቴ መጥታ እንድትወስደኝ ነው» አለቻት።

«አርሊስ፣ ምን እያልሽ ነው?» አለ ቨርሊን። «በበር የተነሳ?»

«በበር የተነሳ እንኳ ቢሆን ደግ ነበር።»

ቁልፉን መዳፉ ላይ አኖረችለት። ቁልፉን ጨብጦ ቆሞ ሲያያት አንጀቷን በላት።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አለችውና ስልኩ ወዳለበት ክፍል ገባች።