ቦታዋን የለቀቀች ወይራ

ሰዓሊው ዕድሜውን ሙሉ የሳለው አራሽ፣ አጫጅ፣ ውሃ ቀጂና ጭቃ ነው። ጌጥ አይወድም። «እኔ ያየሁትን እንጂ ያላየሁትን አልስልም» የምትል አባባል ነበረችው፤ በሬዲዮ ተናግሯታል፣ ለጋዜጣ ተናግሯታል፣ ሰሚ ሲያጣም ለግድግዳው ይናገራታል። ሰው ስለ ራሱ ደጋግሞ የሚያወራውን ነገር መጀመሪያ የሚያምነው ራሱ ነው።

ያን ቀን ግን ችሎት የገባው ስለ ሥዕል ሊያወራ አልነበረም። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ባሏ ሞቶባታል፤ ጎረቤቷ ደግሞ የማሳዋን ግማሽ «የኔ ነው» ብሎ ከሷታል። ድንበሩ ማሳው ዳር የነበረች አንዲት ወይራ ናት። እሷም ደርቃ ከተቆረጠች፣ ጉቶዋም ተነቅሎ ከታረሰ ብዙ ዓመት አለፈ። ነገሩን የሚያውቁትን ሽማግሌዎች አፈር በልቷቸዋል። የቀራት ምስክር ወንድሟ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ አይዞሽ፤ እኔ አለሁልሽ» አላት በሩ ላይ።

ዳኛው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀል አደረጉ። «ያዩትን እንጂ ያላዩትን አይስሉም የሚባሉት ሰዓሊ እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ ክቡር ዳኛ! አንዲት ቅጠል ከራሴ ጨምሬ አላውቅም» አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ጎረቤትየው ከብብቱ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። የድሮ የቀን መቁጠሪያ ነው፤ ላዩ ላይ የታተመውም ሰዓሊውን ስሙን ያስጠራው ሥዕል። አማቹ ያርሳል፣ እህቱ ከኋላው ዘር ትበትናለች። ወይራዋም አለች፤ ግን ማሳው ዳር ሳይሆን መሀል ላይ።

«ምነው ጋሼ፣ ሟቹ የሚያርሱት ከወይራዋ ወዲህ አይደለም እንዴ?» አለ ጎረቤትየው በትሕትና።

ሰዓሊው ክው አለ። ያን ሥዕል ሲስል መሀሉ ራቁቱን ቀረበትና ወይራዋን ከዳር አምጥቶ ተከላት። ከዚያ በኋላ ረሳው።

«አዛውሬያት ነው! መሀሉ ባዶ ሆኖብኝ ነው፣ ክቡር ዳኛ! ዋሽቼ ነው!»

«ዛፍም ያዛውራል እንዴ ሰውዬው?» አለ አንዱ ከኋላ፤ ችሎቱ ሳቀ።

ዳኛው አልሳቁም። «አሁን ‹አንዲት ቅጠል አልጨመርኩም› አላሉም? ሥዕሉ የተሳለው ጠብ ሳይኖር ነው፤ ይህ ቃልዎ ግን የዛሬ ነው። እሷም ሥጋዎ ናት።»

ሥዕሉ ውስጥ ወይራዋ የቆመችበት ቦታ ድንበር እንዲሆን ተወሰነ። የት ተቀምጦ እንደሳለው የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለሆነ ችካሉንም እሱው እንዲያስተክል ታዘዘ። ከዚህ የባሰ ጭካኔ እኔ አላውቅም፤ ዳኛው ግን ለትክክለኛነት ብለው ነው።

በሳምንቱ ቀያሹ ችካሉን ይዞ ማሳው ውስጥ ገባ። ሰዓሊው ድሮ የተቀመጠባት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሥዕሉን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አውራ ጣቱን ቀሰረ። እህቱ አጠገቡ ቆማለች። ሲመጣ ከልቡ ቆርጦ ነበር፦ ችካሉን ሃያ እርምጃ ወደ ዳር ያሸሸዋል። ማን ያውቅበታል? ሃያ እርምጃ ለእሷ የስንት ወር ቀለብ ነው።

«ወደ ዳር! ጨምር!» አለ። ቀያሹ ጨመረ።

ሰዓሊው አየና ፊቱን አጨማደደ። ችካሉ እዚያ ሲቆም መሀሉ ባዶ ነው። ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ፣ ያው ባዶ ነው።

«ትንሽ መለስ በል» አለ። «ትንሽ... አሁንም ትንሽ...»

ቀያሹ የኋሊት እየተራመደ መሀል ደረሰ።

«እዚያ! እዚያ ላይ ያዝ!»

መዶሻው ሦስት ጊዜ ጮኸ። ሰዓሊው እፎይ ብሎ እጁን አወረደ፤ ፊቱም ሥራ ሲሰምርለት እንደሚፈካው ፈካ። ከዚያ ያደረገው ነገር ገባው። ቀና አለ።

እህቱ የምታየው ችካሉን አልነበረም፤ እሱን ነበር።

«አማረልህ?» አለችው።

መልሱን አልጠበቀችም። ወደ ማሳው ወርዳ ከችካሉ ወዲህ የቀረላትን መሬት በእርምጃ መለካት ጀመረች።