ቁጥር ሠላሳ አራት

ቁጥሩን ባያየው ኖሮ ቢላዋው ሥራውን ጀምሮ ነበር። ሀይደር የመጽሐፉን ሽፋን ገልጦ፣ ሽፋኑና ወረቀቱ የሚጋጠሙበት ላይ ስለቱን ሊያሳርፍ ሲል ከመጀመሪያው ገጽ ግርጌ በቀይ ቀለም የተጻፈውን ቁጥር አየ። ከአርባ ቅጂ ሠላሳ አራተኛው። እጁ ባለበት ቆመ።

"ምነው ጋሽ ሀይደር?" አለች ኡባህ። ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ በየደቂቃው ሰዓት ታያለች።

"ስለቱ ደንዟል፤ ልሞርደው" አለና ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ።

ስለቱ አልደነዘም፤ ጠዋት ነው የተሞረደው። ሀይደር ሲዋሽ ፊቱ አይለወጥም፣ ድምፁም አይንቀጠቀጥም፤ ጆሮው ነው የሚቀላው። ጅማ እያሉ ሚስቱ በዚህ ነበር የምትይዘው። ሐርጌሳ ውስጥ ግን የጆሮውን አመል የሚያውቅ የለም። ዘጠኝ ዓመት እዚህ ኖሮ ያፈራው ንብረት ቢኖር ስሙ ብቻ ነው። ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር መጽሐፍ የሚጠርዝ ሰው የጠየቀ ሁሉ "ሀይደር ጋ ሂድ፣ እሱ የሰፋው አይፈርስም" ተብሎ ወደዚህች ጠባብ ክፍል ይላካል። በሰው ሀገር ስም ከጠፋ ደግሞ ምን ይዘው ይቀመጣሉ?

የመጽሐፉ ሥዕሎች የኡባህ ናቸው። አዲስ አበባ ያደገች የሐርጌሳ ልጅ ናት፤ የምትስለው ግን አዲስ አበባም ሐርጌሳም ያለ ነገር አይደለም። ክንፍ ያወጡ ፍየሎች፣ እግር አውጥተው ባለቤታቸውን ፍለጋ የሚሄዱ የውሃ ጉድጓዶች፣ በጀርባዋ ከተማ የተሸከመች ግመል። የዛሬ አራት ዓመት እነዚህን ሰብስባ አርባ ቅጂ ብቻ አሳተመች፤ እያንዳንዱን በእጇ ቁጥር ሰጥታና ፈርማ ለመጽሐፍ ሰብሳቢዎች ሸጠችው። የመጨረሻው ገጽ ላይ "በእጅ የተሰፋ" የሚል ታትሟል፤ ከሥሩ የሀይደር ስም አለ።

ከዚያ ዋሄን የሚባለው ትልቁ ገበያ ሲቃጠል የኡባህ ሱቅም አብሮ ነደደ። ዋናዎቹ ሥዕሎች፣ ሃርድ ዲስኩ፣ የራሷ ቅጂ፣ ሁሉም በአንድ ሌሊት ዐመድ ሆኑ። ገበያው አሁን እንደገና እየተሠራ ነው፤ እሷም በብረትና በሲሚንቶው መሃል እየተሹለከለከች ነው ዛሬ የመጣችው። ሥዕሎቿ ግን የቀሩት በየሰዉ ቤት በተበተኑት ቅጂዎች ውስጥ ብቻ ነው፤ አብዛኞቹም ባሕር ተሻግረዋል።

ናይሮቢ ያለ አንድ አሳታሚ ዲጂታል እትም ላውጣልሽ ብሏታል። ፋይሉን የሚቀበለው እስከ ዛሬ ማታ ነው። ችግሩ ትልልቆቹ ሥዕሎች ሁለት ገጽ ሙሉ መሆናቸው ነው፤ መጽሐፉ እንደተጠረዘ ስካነር ላይ ቢደፋ መሃሉ ጥቁር ጥላ ይሆናል። ስለዚህ ክሩ ተፈትቶ፣ ወረቀቱ ተዘርግቶ ስካን ከተደረገ በኋላ በነበረበት ቀዳዳ መልሶ መስፋት ያስፈልጋል። በክር የተሰፋ መጽሐፍ እንዲህ ይደረጋል። በኮላ የተጣበቀ ግን አይሆንም፤ ቁጥር ሠላሳ አራት ደግሞ የተጣበቀ ነው።

ይህን ከአላህና ከሀይደር በቀር የሚያውቅ የለም። ያን ጊዜ ረመዳን ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ክር ድንበሩ ላይ፣ ወጃሌ ተይዟል፤ ኡባህ መጽሐፉ ለዒድ እንዲደርስላት በየሰዓቱ ትደውላለች። ሠላሳውን አሳምሮ ሰፋ። የቀሩትን አሥሩን ግን የወረቀቶቹን ጀርባ በማሽን ቆርጦ፣ በኮላ አጣብቆ፣ እንዳያስታውቅ ጫፋቸው ላይ ቀይ ክር ለጥፎ አስረከበ። በኋላ እነግራታለሁ አለ። በኋላ ግን ሥራው ተመሰገነ፤ የተመሰገነ ሰው ደግሞ "ቆይ፣ አሥሩ ውሸት ናቸው" ማለት ይከብደዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ አራት ዓመት አለፈ።

የመጽሐፉ ባለቤት ሐጂ ዓብዲራሕማን ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት ናቸው፤ በጦርነቱ ጊዜ ተሰደው ድሬዳዋ አምስት ዓመት መድኃኒት ሲሸጡ የያዙት አማርኛ ዛሬም አልለቀቃቸውም። መጽሐፉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ያመጡት ራሳቸው ናቸው። ተፈትቶ እስኪሰፋ ድረስም ከዚህች ወንበር እንደማይነሱ ገና ሲገቡ አስታውቀዋል።

"እኔ አሁንም አልገባኝም" አሉ ሐጂ። "መጽሐፍ አለ፤ ይኸው። ቴሌፎን ውስጥ የሚገባው ለምንድን ነው?"

"ያላየው ሰው እንዲያየው ነዋ ሐጂ። ደግሞ ዲጂታሉም ለሰብሳቢ ነው። ሦስት መቶ ብቻ ነው የሚወጣው፤ እያንዳንዱ ቁጥር አለው።"

"ቁጥር ያለው ነፋስ።"

ኡባህ ሳቀች። "ነፋስን እሳት አይበላውም። የኔ ወረቀት ግን ተበላ።"

"እሱስ እውነትሽን ነው" አሉ ሐጂ። "ቢሆንም ባትሪው ሲያልቅ ምን ይታይሻል? የራስሽ ፊት። እኔ በበኩሌ ቴሌፎን ውስጥ አላየውም፤ ወላሂ።"

ኡባህ ተነስታ ወደ ሀይደር ጠጋ አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ጋሽ ሀይደር፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። መብራትም ከሄደ አለቀልኝ። መፍታቱ ጊዜ የሚፈጅ ከሆነ ጀርባውን በማሽኑ ብንቆርጠውስ? በኋላ አሳምረህ ትጠርዘዋለህ።"

ማሽኑ ጥግ ላይ ቆሟል። እጀታውን አንዴ ቢጫነው ኮላውም፣ የውሸቱ ክርም፣ አራት ዓመት የደበቀውም ነገር ተያይዘው ቅርጫት ውስጥ ይገባሉ። ሀይደር ለአፍታ ልቡ ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ደስ ስላለው አፈረ።

"ሰምቻለሁ" አሉ ሐጂ ከበሩ። "ልጄ፣ መጽሐፉን የሰጠሁሽ የተሰፋ ስለሆነ ነው። የተሰፋ ነገር ይፈታል፣ ይመለሳል። የሚቆረጥ ቢሆን ከቤቴም አይወጣ ነበር። አማና ነው የሰጠሁሽ፤ አደራ።"

"ይቅርታ ሐጂ፤ ሰዓቱ አስጨንቆኝ ነው።"

"ሀይደርን እይው። እሱ ይጨነቃል?"

የሀይደር ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ሽፋኑን ቢከፍተው ኮላው ይታያል። ባይከፍተው ኡባህ ቀኑ ያልፍባታል። ከሁሉ የሚብሰውን ደግሞ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ጀርባው ሲቆረጥና ሲጣበቅ ከእያንዳንዱ ትልቅ ሥዕል መሃል የእርሳስ ውፍረት ያህል ጠፍቷል። ከዚህ ቅጂ ስካን የሚደረግ ሥዕል መሃሉ እንደጎደለ በዓለም ይዞራል፤ ዋናው ስለተቃጠለም ማንም አያርመውም። አሥር መጽሐፍ መበላሸቱ ሳያንስ ሥዕሎቹ ራሳቸው ለዘለዓለም ሊበላሹ ነው።

ያኔ ነው ጠረጴዛው ሥር ያለው የብረት ሳጥን ትዝ ያለው።

"የኔን እንፍታ" አለ።

"የምን ያንተን?"

"ቁጥር ዘጠኝን። አንቺ የሰጠሽኝን።"

ኡባህ አፍጥጣ አየችው። "ባለፈው ወር ስለምንህ እምቢ አላልከኝም? በእጄ ከሠራሁት ለኔ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው ብለህ?"

"ብያለሁ። አሁን ሳስበው ግን የሰው አማና ከምነካ የራሴን ብነካ ይሻላል።"

ጆሮው ጋለ። ቃሉ እውነት ነበር፤ የተናገረበት ምክንያት ግን እውነት አልነበረም።

"ማሻ አላህ" አሉ ሐጂ። ከወንበራቸው ብድግ ብለው መጥተው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። "ለኔ መጽሐፍ ብሎ የራሱን የሚያፈርስ። አላህ እጅህን ይባርከው ልጄ።"

ሀይደር ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። ሳጥኑን ከፈተ፣ ቁጥር ዘጠኝን ከላስቲኩ አወጣ፣ ሽፋኑን ከወረቀቱ በስለት ለየ። ጀርባው ሲገለጥ ክሩ ዛሬ እንደተሰፋ ደማቅ ቀይ ነበር፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ቋጠሮው ትንሽና ጠባብ። በሕይወቱ እንዲህ አድርጎ የሰፋው ሌላ መጽሐፍ የለም። አባቱ ጅማ ላይ ወስፌ ሲያስይዙት የሚፈልጉት ይህን ስፌት ነበር። የመጀመሪያውን ቋጠሮ በስለቱ ጫፍ በጠሰ። ከዚያ በኋላ ክሩ በቀላሉ እየተሳበ ወጣ፤ የታጠፉት ወረቀቶችም አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጉ።

ኡባህ ግማሹን አቅፋ ግድግዳ ለግድግዳ ወደሚዋሰነው ወደ ሳዶ ፎቶ ኮፒ ቤት ሮጠች። ትልቁ ስካነር ያለው እዚያ ነው። ሐጂና ሀይደር ብቻቸውን ቀሩ። ሐጂ የራሳቸውን መጽሐፍ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ገለጥ ገለጥ ካደረጉ በኋላ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

"ለምን እንደገዛሁት ታውቃለህ?"

"አላውቅም ሐጂ።"

"ለዚህች ለግመሏ ነው። ና እያት።" ጣታቸውን በግመሏ ጀርባ ላይ ካለው ከተማ መሃል፣ አንዲት ቤት ላይ አሳረፉ። "በሩን አየኸው? ክፍት ነው፤ ማንም የለም። ስንሰደድ እናቴ ቤቴን ጥዬ አልሄድም ብላ ቀረች። ከድሬዳዋ ስመለስ ጣሪያ የለም፣ ግድግዳው ግማሽ ነው፤ በሩ ብቻ ቆሟል። ልክ እንዲህ ክፍቱን። ገብቼ ተጣራሁ። ማንም የለም። ይህች ልጅ ያን ጊዜ አልተወለደችም፤ እንዴት አወቀች እያልኩ ሁሌ ይገርመኛል።"

ሀይደር ሥዕሉን ያውቀዋል። በዋናው ሥዕል በሩ ላይ ሰው አለ። ኡባህ የሳለችው ደጃፉ ላይ ፋኖስ ይዛ የቆመች ቀጭን ሴት ናት፤ ልክ ሁለቱ ገጾች የሚገናኙበት ላይ። በሠላሳው ቅጂ ላይ አለች። በአሥሩ ላይ የለችም፤ የቀኙና የግራው ደጃፍ ተገጣጥሞ ባዶ በር ሆኗል። ሐጂ አራት ዓመት ሙሉ ያዘኑት የሀይደር መቁረጫ ባወጣው ባዶ ቦታ ላይ ነው።

"ቅዳሜ የአባቴን ቁርአን አመጣልሃለሁ" አሉ ሐጂ። "ከፍርስራሹ ያወጣሁት እሱን ብቻ ነው፤ ቅጠሉ እየረገፈ ነው። እስካሁን ማንንም አምኜ አልሰጠሁም። አንተ ግን ልክ እንደዚህ አድርገህ ስፋልኝ።" የቁጥር ሠላሳ አራትን ጀርባ፣ ያን የተለጠፈ ቀይ ክር፣ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

ኡባህ እያለከለከች ገባች። "ግማሹ አልቋል። እንዴት እንዳማረ ብታዩት" አለችና የያዘችውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ቀሪውን አፍሳ ተመልሳ ወጣች።

ከላይ የተቀመጠችው ግመሏ ነበረች፤ ከአፍ እስከ ጅራቷ በአንድ ወረቀት ላይ ተዘርግታ። በመሃሏ፣ በክሩ ቀዳዳዎች መካከል፣ ሴትዮዋ ፋኖሷን ይዛ ቆማለች።

ሐጂ መጽሐፋቸውን በጨርቁ መጠቅለል ጀምረዋል። ሀይደር ወረቀቱን ገልብጦ ቢያጥፈው በቂ ነበር። ከዚያ ይሰፋዋል፤ ኡባህም ፋይሏን ትልካለች፤ ሐጂ ቴሌፎን ውስጥ እንደማያዩት ምለዋል፤ ቅዳሜም ቁርአኑ ይመጣል። ሁሉም ደስ ብሎት ይገባል። እጁን ወረቀቱ ላይ ጫነ። ከጎረቤት የስካነሩ ድምፅ ይሰማል። አንዴ ሄደ፣ ተመለሰ፤ አሁንም ሄደ፣ ተመለሰ።

"ሐጂ፣ አይጠቅልሉት" አለ።

"ምነው?"

መጽሐፉን ከእጃቸው ተቀብሎ ያንኑ ሥዕል ገለጠና ጉልበታቸው ላይ መልሶ አስቀመጠው። የተፈታውን ወረቀት አምጥቶ ከጎኑ ዘረጋ። ከዚያ ግድግዳውን በጡጫው መታ። "ኡባህ፣ ስካነሩን ተዪውና አንዴ ነይ።"

ሐጂ አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው በጨርቁ ጠረጉና መልሰው አደረጉ። ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ፋኖሱ ላይ አሳረፉ።

"ይህች ሴት ማናት?" አሉ።

"በእርስዎም መጽሐፍ ውስጥ መኖር ነበረባት" አለ ሀይደር። "እኔ ነኝ የቆረጥኳት። መጽሐፍዎ አልተሰፋም ሐጂ፤ በኮላ ነው የተጣበቀው።"

ኡባህ ቀሪዎቹን ወረቀቶች እንዳቀፈች በሩ ላይ ቆማ ነበር።